ወንድሜ አላለፈም፤ አገልግሎቱን ግን ወድጄዋለሁ

ባለፈው ወር ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለአንድ የመንግሥት ሥራ ወዲያ ወዲህ ስንል ከረምን። ማስታወቂያ አየን፣ ተመዘገብን፣ የጽሑፍ ፈተና ተቀመጠ፣ ቃለ መጠይቅ ገባ፣ ውጤት ወጣ። አላለፈም። የሚፈለጉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ እሱ አራተኛ ወጣ።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ለማማረር አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት እኔ ራሴ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሌላ መሥሪያ ቤት ተወዳድሬ ነበር፤ ያኔ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። አሁን ያየሁት ደግሞ ከዚያኛው ጋር ሰማይና ምድር ነው። ሁለቱን ያየ ሰው ዝም ማለት የለበትም ብዬ ነው።

ሰው ስለ ሆቴል አስተያየት ይጽፋል። ስለ ሚኒባስ፣ ስለ ፀጉር ቤት፣ ስልክ ስለሚጠግን ልጅ ይጽፋል። ስለ መንግሥት ቅጥር የሚጻፈው ግን ወይ «በዘመድ ነው፣ አትልፉ» ነው፣ ወይ «ክፍት የሥራ ቦታ፣ ፍጠኑ» ነው። መሃል ላይ ያለውን ማንም አይነግርህም። ማስታወቂያው የት ተለጠፈ? መዝጋቢዋ እንዴት ተቀበለችህ? ፈተናው እንዴት ታረመ? ይኼ እኮ አገልግሎት ነው፤ ለዚያውም በግብራችን የሚሠራ። እንደማንኛውም አገልግሎት መመዘን አለበት።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ የሚኬድበት አንድ ወረዳ ነው ማለት ይበቃል።

ከማስታወቂያው ልጀምር፣ ምክንያቱም ቅር ያለኝ እሱ ላይ ነው። ወረቀቱ ግቢው በር አጠገብ ባለ የመስታወት ሰሌዳ ውስጥ ተለጥፏል። ስንደርስ ገና ጠዋት ነበር፤ ሰው ጋቢና ነጠላ ተከናንቦ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ይዘቱ ጥሩ ነው። የመደቡ መጠሪያ፣ ደረጃው፣ ደመወዙ፣ ብዛቱ፣ የትምህርት ዝግጅቱ፣ የሥራ ልምዱ፣ የመመዝገቢያ ቦታው፣ ሁሉም ተጽፏል። የሥራ ልምድ በሚለው ሥር «0 ዓመት» ይላል። ወንድሜ እሷን ሲያይ ፊቱ በራ። ቤቱ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ ያለው ሰው ይችን ቁጥር ያውቃታል፤ ስንቱን ማስታወቂያ «ሁለት ዓመት ልምድ» የሚል አንብበን ተመልሰናል።

ችግሩ ምዝገባው አምስት የሥራ ቀን ብቻ መሆኑና ወረቀቱ ከዚያ ሰሌዳ ውጪ የትም አለመኖሩ ነው። ምዝገባው ላይ ከመሐል ሜዳ የመጣች ልጅ አገኘን። በሞላሌ አድርጋ፣ ጣርማ በር ወጥታ፣ ከዚያ ሌላ መኪና ይዛ ነው የደረሰችው። ማስታወቂያው መውጣቱን የነገራት እዚያ ወረዳ ያለች የአክስቷ ልጅ ነች፣ ያውም በአራተኛው ቀን። የአክስት ልጅ የሌላትስ? ውድድር ክፍት ነው የሚባለው መስፈርቱን የሚያሟላ ሁሉ መስማት ሲችል ነው። ዛሬ ፎቶ አንስቶ የወረዳው የቴሌግራም ገጽ ላይ መልቀቅ ምንም ወጪ የለውም፤ ሥራ ፈላጊዎቹ ራሳቸው እርስ በርስ እያደረጉት ነው። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ አምስት ቀን ከአለም ከተማ ወይም ከመሐል ሜዳ ለሚመጣ ሰው በቂ አይደለም። ለማስታወቂያው ከአምስት ሁለት እሰጠዋለሁ፣ ይዘቱ ባይደግፈው ኖሮ አንድ ነበር።

ምዝገባው ላይ ደግሞ ልቤን የነካኝ ነገር ገጠመኝ።

ወንድሜ በ2015 ከተመረቁት ነው፤ የመውጫ ፈተና መጀመሪያ የደረሳቸው እነሱ ናቸው። ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን)፣ ግሬድ ሪፖርቱን፣ የመውጫ ፈተና ውጤቱን፣ የ12ኛ ክፍል ካርዱን፣ መታወቂያውን፣ ሁሉንም ዋናውንም ኮፒውንም ይዟል። መዝጋቢዋ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ እናት ናቸው። ወረቀቱን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩና ቆም አሉ። ማስታወቂያው «አካውንቲንግና ፋይናንስ» ይላል፣ የወንድሜ ማስረጃ ላይ ያለው «አካውንቲንግ» ብቻ ነው። እኔ ልቤ ዱብ አለ። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት የተመለሰ ሰው አውቃለሁ፤ ከሩቅ አገር የመኪና ከፍሎ መጥቶ፣ መስኮት ላይ «አይመለከትህም» ተብሎ።

እሳቸው ግን «ልጄ፣ ትንሽ ታገሠኝ፤ ዝርዝሩን ልይልህ» አሉት። ተነስተው ሄዱ። የተመሳሳይ ትምህርት ዝግጅቶች ዝርዝር ያለበትን ወረቀት ይዘው ተመለሱ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና «አለህ፣ ትመዘገባለህ» አሉ። በቃ። ይኼን ያህል ነው። ሰባት ደቂቃ አልፈጀም። እሳቸው ግን ያን ሰባት ደቂቃ ባያጠፉ አንድ ልጅ ከውድድር ውጪ ነበር፤ ማንም አያውቅም፣ እሳቸውንም ማንም አይጠይቃቸውም። የቅጥር አገልግሎት ጥሩነቱ ወይም መጥፎነቱ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እንዲህ ባለ መስኮት ላይ ነው።

አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሠራ ልጅ ግን ልምዱ አልተያዘለትም። ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ አልነበረውም። ሕጉ ይኼን ስለሚጠይቅ በመዝጋቢዋ አልፈርድም። ግን ማስታወቂያው ላይ ይኼ በደማቁ ተጽፎ ቢሆን ልጁ ከአሠሪው ማስረጃውን ይዞ ይመጣ ነበር። እናንተ እንዳትረሱ።

ወደ ፈተናው እንሂድ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ። እኔ ውጪ ሆኜ ስጠብቅ ነበር፤ ውስጥ የሆነውን ወንድሜ ነው የነገረኝ። ፈተናው በታሸገ ፖስታ መጣ። ከተፈታኞቹ መካከል ሁለት ሰው ወጥተው ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን አይተው ፈረሙ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ኮድ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ተሰጠው። መልስ መስጫው ላይ ስም የለም፣ ኮድ ብቻ። ስምና ኮዱ የሚገናኝበት ዝርዝር ለብቻው ታሽጎ ተቀመጠ፤ እርማቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚከፈተው ተብሎ ፊት ለፊታቸው ተነገራቸው።

ወንድሜ ሲወጣ መጀመሪያ ያለኝ «እትዬ፣ በኮድ ነው!» ነው። ስለ ጥያቄዎቹ እንኳ ገና አልነገረኝም።

ይኼ ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል። አራሚው የማንን ወረቀት እንደያዘ ካላወቀ፣ የወንድሙም ይሁን የጠላቱ፣ ነጥቡ ነጥብ ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ዘመዱን ይወዳል፣ ይኼን ከሰው ልብ ማውጣት አይቻልም። የሚቻለው ዘመዱ የትኛው እንደሆነ እንዳያይ ማድረግ ነው።

ጥያቄዎቹን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። ከፊሉ ጥሩ ነበር፣ የሂሳብ አያያዝ መሠረታዊ ነገር። ከፊሉ ግን ስለ አይቤክስ፣ ስለ ሞዴል 19 እና ስለ ሞዴል 22 ነበር። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቃቸዋል፦ ሞዴል 19 ንብረት ገቢ የሚደረግበት፣ ሞዴል 22 ወጪ የሚደረግበት ደረሰኝ ነው፤ አይቤክስ ደግሞ በጀትና ወጪ የሚመዘገብበት ሶፍትዌር። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የመጣ ልጅ ግን ከየት ያውቃቸዋል? «0 ዓመት» ብለህ ጠርተህ ውስጥ ገብቶ የሠራ ሰው ብቻ የሚመልሰውን መጠየቅ ተገቢ አይደለም። በኮንትራት እዚያው ሲሠሩ የቆዩ ሁለት ተወዳዳሪዎች ነበሩ፣ ለነሱ ቀላል ነው። ሆን ተብሎ ተደረገ አልልም፣ ጥያቄ አውጪው የሚያውቀውን ነው የጠየቀው። ግን መስተካከል አለበት።

ሌላው ያሳዘነኝ፣ ፈተናው ፎቅ ላይ ነበር። በክራንች የሚሄድ አንድ ተወዳዳሪ ነበር፤ ሁለት ልጆች ደግፈው ደረጃውን አወጡት። ልጆቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው። አካል ጉዳተኛ ተወዳዳሪ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ሲያመጣ ቅድሚያ እንደሚሰጠው የፌዴራሉ ሕግ በግልጽ ጽፎታል፣ ለሴት ተወዳዳሪዎችም እንዲሁ። ነጥቡን ለማምጣት ግን መጀመሪያ ወንበሩ ላይ መድረስ አለበት። ምድር ላይ ባዶ ክፍሎች ነበሩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሳልደርስ የራሴን ልንገራችሁ።

ከስምንት ዓመት በፊት የጽሑፍ ፈተናውን ጥሩ ሠርቼ ነበር። ጥሩ መሥራቴን ያወቅሁት ለቃለ መጠይቅ ስለጠሩኝ ነው እንጂ ነጥብ አልተለጠፈም። ገባሁ። አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ነሽ?» ነበር። ሁለተኛው «የት ነው የተወለድሽ?»፣ ሦስተኛው «ይኼን ቦታ ማን ነገረሽ?»። ስለ ሥራው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ መልሴን ሳልጨርስ «ይበቃል» አሉኝ። ውጤት በሳምንት ይለጠፋል ተባልኩ። በሳምንቱ ሄድኩ፣ የለም። በሁለት ሳምንት ሄድኩ፣ «ገና ነው» አሉኝ። በወሩ ጥበቃው አዘነልኝና «እህቴ፣ አትመላለሺ፤ ሰውየው ሥራ ከጀመረ ሰንብቷል» አለኝ።

ምናልባት ያ ሰው ከእኔ ይበልጥ ነበር። ሊሆን ይችላል። ስምንት ዓመት ሙሉ ያንገበገበኝ መውደቄ አይደለም። በስንት ነጥብ እንደወደቅኩ፣ ምኑ ላይ እንደጎደልኩ አለማወቄ ነው። አባቴ የመንዝ ገበሬ ናቸው፤ ያኔ የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሰው ያስፈልጋል ልጄ፣ እኛ ሰው የለንም።» እሳቸው ይኼን ያሉት ተረጋግተው ነው፣ እንደ ዝናብና እንደ ውርጭ ቆጥረው። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተረጋጋሁም። አንድ አባት ልጁን አስተምሮ ሲያበቃ «ሰው የለንም» ማለት የለበትም።

ስለዚህ ወንድሜ ቃለ መጠይቅ ሲገባ ሆዴ ይንቦጫቦጭ ነበር። ሲወጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የማን ልጅ ነህ አሉህ?» ነበር። «የለም» አለኝ። «በኮዴ ነው የጠሩኝ። ለሁላችንም የተጠየቅነው አንድ ዓይነት አምስት ጥያቄ ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው እየጻፉ ነበር።» ከሌሎቹም ጋር አመሳከርን፣ እውነት ነው። ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ነበሩ። ከመቶ ደግሞ የቃለ መጠይቁ ድርሻ ትንሽ ነበር፣ ትልቁን የያዘው ጽሑፉ ነው።

ይኼ የድርሻ ነገር ወሳኝ ነው። የህንድን ልጥቀስ። እዚያ የኅብረቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን የሚባል አለ፣ ሥሩ እስከ 1926 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይሄዳል፤ ለከፍተኛ የሲቪል አስተዳደር ሥራዎች አገር አቀፍ ፈተና ይሰጣል። መጀመሪያ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ዋናው የጽሑፍ ፈተና፣ መጨረሻ ቃለ መጠይቅ። ዋናው ጽሑፍ 1750 ነጥብ ይይዛል፣ ቃለ መጠይቁ 275። ከጠቅላላው 2025 ነጥብ ውስጥ 275 ማለት ነው። ቃለ መጠይቅ አድራጊው ቢወድህም ቢጠላህም የሚችለው ያንን ያህል ነው። ሌላ ደግሞ፣ ኮሚሽኑ ፈትኖ ያሳውቃል እንጂ የሚሾመው መንግሥት ነው። የሚፈትነው እጅና የሚቀጥረው እጅ የተለያየ ነው።

የእኛስ? ብዙ ሰው «ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ነው የሚቀጥረው» ብሎ ያስባል። ምዝገባው ላይ አንድ ልጅ «አዲስ አበባ ኮሚሽን ሄጄ ብመዘገብ አይሻልም?» ሲል ሰምቼዋለሁ። አይደለም፣ ልድከምና ላስረዳ፤ ቅሬታችሁን የት እንደምትወስዱ የምታውቁት ይኼን ስታውቁ ነው።

በንጉሡ ጊዜ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ በአንድነት የሚያይ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሚኒስቴር በራሱ መንገድ ነበር የሚቀጥረው። ሐሳቡ ቅጥርና ዕድገት በችሎታ ይሁን፣ ለሁሉም አንድ ወጥ ደንብ ይኑር ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ብዙ ጊዜ ቀይሯል። በ1987 የፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ተባለ፣ በኋላ ኤጀንሲ፣ ቀጥሎ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የፐብሊክ ሰርቪስና የሰው ሀብት ልማት ሚኒስቴር፣ በ2011 ተመልሶ ኮሚሽን። እዚህ ወረዳ ላይ ሰው እስከ ዛሬ «ፐብሊክ» እያለ የሚጠራው ከዚያ የቀረ ነው።

ሥራውም ከስሙ ጋር ተቀይሯል። ዛሬ ኮሚሽኑ ራሱ ቁጭ ብሎ የሒሳብ ሠራተኛ አይመርጥልህም። ሕግ እንዲወጣ ያዘጋጃል፣ መመሪያ ያወጣል፣ የሥራ መደቦችን ይመዝናል፣ መሥሪያ ቤቶች ደንቡን መከተላቸውን ይከታተላል። የሚያስታውቀው፣ የሚመዘግበው፣ የሚፈትነው፣ የሚቀጥረው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ። ደንቡ ጥሩ ቢሆንም ፈታኙም ቀጣሪውም ያው አንድ ቢሮ ስለሆነ፣ ሁሉም ነገር በዚያ ቢሮ ሰዎች ላይ ይወድቃል። እኔን የፈተነኝ መሥሪያ ቤትና ወንድሜን የፈተነው መሥሪያ ቤት ደንባቸው ያን ያህል የሚለያይ አይመስለኝም። የተለየው ሰዎቹ ናቸው፤ ኮድ ለመስጠት የወሰኑት፣ ውጤት ለመለጠፍ የወሰኑት። መልካም ሰው ሲገጥምህ ጥሩ፣ ሳይገጥምህስ? ኮሚሽን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በኮድ ማረምና ነጥብ መለጠፍ የመልካም ሰው ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ የትም ቢሆን ግዴታ እንዲሆን፣ ያልፈጸመውም እንዲጠየቅ። ፈተናውን ቢያንስ በዞን ደረጃ ሰብሰብ አድርጎ ቀጣሪው ባልሆነ አካል ማስፈተን ቢቻል ደግሞ የበለጠ ነበር።

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ቆመህ የሦስት ዓይነት ሕግ ማስታወቂያ ታነባለህ። የወረዳና የከተማ አስተዳደሩ ቅጥር በክልሉ ሕግ ነው የሚሄደው፣ የበላዩ ኮሚሽን ባሕር ዳር ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ግን የፌዴራል ተቋም ስለሆነ አስተዳደር ሠራተኛ ሲቀጥር የሚገዛው በፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፤ ያ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ነበር፣ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1353 ተተክቷል። ንግድ ባንክና ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ የመንግሥት ቢሆኑም የልማት ድርጅት ስለሆኑ ሁለቱም አይመለከታቸውም፣ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ባንክ ፈተና ላይ ቅር ብሏችሁ ሲቪል ሰርቪስ ብትሄዱ «አይመለከተንም» ቢሏችሁ እውነታቸውን ነው። ማስታወቂያው ላይ መጀመሪያ የምታዩት ማኅተሙን ይሁን።

ውጤቱ በዘጠነኛው ቀን ተለጠፈ። ያው የመስታወት ሰሌዳ ላይ። ኮድ፣ የጽሑፍ ነጥብ፣ የቃለ መጠይቅ ነጥብ፣ ድምር፣ ደረጃ። የሁሉም ሰው፣ ያለፉትም ያላለፉትም። ከሥሩ «ቅሬታ ያለው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ» ይላል።

ወንድሜ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው። ከሦስተኛው ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ስለነበር «እትዬ፣ ልጠይቅ?» አለኝ። ጠይቅ አልኩት። ማመልከቻ ጻፈ። በማግሥቱ ጠርተው ወረቀቱን አውጥተው አሳዩት፣ ከመልሱ ቁልፍ ጋር ጥያቄ በጥያቄ አስተያዩለት። አንድ ጥያቄ ሳይቆጠርለት ቀርቶ ነበር፤ እዚያው አስተካከሉለት፣ ቃለ ጉባኤ ያዙበት። ሆኖም ደረጃው አልተለወጠም፣ አራተኛ እንደሆነ ቀረ። ሦስተኛው ተጠባባቂ ተባለ።

መንገድ ላይ አላዘነም ብዬ አልዋሽም። ዝም ብሎ ነበር፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ «ሞዴል 22ን ተሳስቻለሁ፤ ቀጥሎ አልሳሳትም» አለኝ። እኔ ስምንት ዓመት ማለት ያልቻልኩት ነገር ነው። ምኑን እንደተሳሳትኩ አላውቅማ። እሱ ያውቃል። ቤት ሲገባ አባባ ስልክ ደውለው «እንዴት ሆነ?» ሲሉት፣ «ሁለቱ በነጥብ በለጡኝ አባዬ» አላቸው። ሰው ስለሌለን አላላቸውም። አባባም «በርታ እንግዲህ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ለአገልግሎቱ በጠቅላላው ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለማስታወቂያውና ለፎቁ ደረጃ ነው። መዝጋቢዋን እናት እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ፤ የሚያውቃቸው ሰው ቢያነብ ይንገርልኝ።

ለምትመዘገቡ ያለኝን ላካፍል። ዋናውን ሁልጊዜ ያዙ፣ ኮፒ ሦስት ሦስት አድርጉ፤ ግቢው አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት መብራት ሲጠፋ ዋጋ የለውም። የግል ልምድ ካላችሁ የግብሩን ማስረጃ ቀድማችሁ አውጡ። የትምህርታችሁ ስም ከማስታወቂያው ጋር በአንድ ቃል ቢለያይ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፣ «ዝርዝሩ ይታይልኝ» በሉ። ውጤት ካልተለጠፈ በቃል አትጠይቁ፣ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡና የገቢ ቁጥሩን ተቀበሉ፤ እኔ ያኔ ይኼን ባውቅ ኖሮ ጥበቃ አይነግረኝም ነበር። ካለፋችሁም ገና ነው፤ የጤና ምርመራ አለ፣ ከዚያም የሙከራ ጊዜ አለ። የኤችአይቪ ምርመራ ግን አምጡ የሚላችሁ ካለ፣ ሕጉ ያንን ለይቶ እንዳስቀረው ንገሩት።

ሰኞ ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ ልናይ እንሄዳለን። ወንድሜ ከአንድ የወረዳ ንብረት ክፍል ጓደኛው ባዶ የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ቅጽ ኮፒ አስመጥቶ፣ ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እየሞላ ይለማመዳል።